ዋንጫው ይቅርብን፣ ልጁ ይሰለፍ!

ለመሆኑ የጅግጅጋ ወይም የቀብሪበያህ የታዳጊዎች አሠልጣኝ ሥራው ማሸነፍ ነው ወይስ ልጅ ማሳደግ? «ሁለቱም» የሚል አይጠፋም። መልካም! ሁለቱ ሲጋጩስ?

በሰኔ 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ቦትስዋናን፣ ቀጥሎም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረቱ። ሕዝቡ ጨፍሮ ሳያበቃ ፊፋ መጣ፤ ሁለት ቢጫ ያየው ምንያህል ተሾመ ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። 3 ነጥባችን ተወሰደ። ያ ቸልተኝነት ነው ተባለ፤ እሺ። ታውቆ የሚደረገውስ? ዕድሜ መቀነሱስ?

አርብቶ አደሩ ልጁ የተወለደበትን ድርቅ እንጂ ቀኑን አልጻፈም። አገር አቀፉ የልደት ምዝገባ የተጀመረው እንኳ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። «17 ዓመቱ ነው» ማለት እንግዲህ የእስክሪብቶ ጉዳይ ሆነ። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በታዳጊዎች ዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓ አጥንትን በኤም አር አይ ያያል። ለወረዳ ጨዋታ ማን ኤም አር አይ ያመጣል? ያለው የአሠልጣኙ ህሊና ብቻ ነው።

ጢም ያወጣው ገብቶ ሲያገባ ማን ይቀራል? ዓመቱን ሙሉ በአቧራ ሜዳ ሲሮጥ የከረመው የ15 ዓመት ልጅ! ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ በዓመቱ አይመለስም።

አሠልጣኙን ብቻ መኮነን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ባለሥልጣን ከዋንጫ ጋር ፎቶ መነሳት ይወዳል፤ በሐቅ የተሸነፈውን «አቅም የለውም» ብሎ ያሰናብታል። እንጀራው ያሳሰበው ምን ያድርግ? መራራ ነው፣ ግን ትክክለኛውን ልጅ ያሰልፍና ይሸነፍ። ስፖርት ቢሮውም «ለምን ተሸነፍክ?» ከማለቱ በፊት «ዕድሜያቸውን እንዴት አጣራህ?» ብሎ ይጠይቀው።