ወረቀት ያስቀመጠች ሚስት ከሃዲ አይደለችም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ጽሑፋችን ረዘም ይላል። አንዳንዶቻችሁን ያስቆጣም ይሆናል። አደራ የምንላችሁ መጨረሻውን ሳታዩ እንዳትቆጡ ብቻ ነው።

በቅርቡ እዚህ ሽንዲ ላይ ከዙሁር ሶላት በኋላ አንዲት እህት ወደ መስጂዱ ግቢ መጣች። 3 ልጆች ይዛለች። ከባለቤቷ ጋር 14 ዓመት በርበሬና በቆሎ ነግደዋል። በርበሬውን የምታሰጣውና የምትለቅመው እሷ ነበረች። እሱ ጭኖ ወደ ቡሬ ሲወርድ ሱቁን የምትይዘውም እሷ ነበረች። አልሐምዱሊላህ ሰርቶላቸው ቤት ሠሩ፣ ባጃጅ ገዙ። ቤቱ በእሱ ስም ነው። ንግድ ፈቃዱ በእሱ ስም ነው። የባንክ ሂሳቡ በእሱ ስም ነው። ባጃጁ ደግሞ በወንድሙ ስም። ጠላቁ ሲመጣ በእጇ የቀረው ወረቀት የልጆቿ የክትባት ካርድ ብቻ ሆነ።

እስከዚህ ያለው ብዙ ጊዜ የሰማችሁት ታሪክ ነው። እኛን እንቅልፍ የነሳን ግን ሌላ ነው። ይህችው እህት ከ2 ዓመት በፊት መጥታ ጠይቃን ነበር። «ሁኔታው አላማረኝም፤ የቤቱን ውል ኮፒ አስደርጌ እናቴ ዘንድ ላስቀምጥ ወይ?» አለች። ምን ብለን መለስንላት? «ሶብር አድርጊ እህታችን፤ ይህ የሸይጧን በር ነው፤ ትዳር በወረቀት አይጠበቅም» አልናት። ታዘዘች፤ ኮፒውን ተወችው። ያ «ምክራችን» ዛሬ የልጆቿን ጉርሻ ነጥቋል።

ስለዚህ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ስለራሳችን እንመስክር፦ ተሳስተን ነበር። አላህ ይማረን። ስህተታችን ግን የእኛ ብቻ ስላልሆነ፣ በየከተማው በየመጅሊሱና በየሽምግልናው የሚነገር ስለሆነ፣ አንድ በአንድ ልንመልስለት ፈለግን።

አንደኛ፦ «ወረቀት የምትሰበስብ ሚስት ልቧ ከትዳሩ ወጥቷል»

ሱብሓነላህ! በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ የትኛው ነው? የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ፣ የዕዳ አንቀጽ ነው። ሙእሚኖች በጊዜ የተወሰነ ዕዳ ሲዋዋሉ እንዲጽፉ፣ ምስክር እንዲያቆሙ፣ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብለው ከመጻፍ እንዳይሰለቹ ያዛል። ያዘዘውም እርስ በርስ የሚጠራጠሩ ጠላቶችን አይደለም፤ የሚዋደዱ ሙእሚኖችን ነው። ከዚያው ሱራ ከ226 ጀምሮ ያሉትን አንቀጾች ደግሞ ተመልከቱ፤ ስለ ጠላቅ፣ ስለ ዒዳ፣ ስለ መህር፣ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ቀለብ ናቸው። የመጻፍና የመፋታት ሕግ የወረደው በአንድ ሱራ ነው። እኛ ነን አንዱን ለሱቅ፣ ሌላውን ለቤት ብለን የለየናቸው።

ባለሱቁ ወንድማችን ለጎረቤቱ አንድ ኪሎ ስኳር በዱቤ ሲሰጥ ደብተር ያወጣል። ጎረቤቱን ስለጠላው ነው? አይደለም። ነገ ሁለቱም እንዳይረሱና እንዳይጣሉ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ አባቶቻችን? ታዲያ ለስኳር የሚጻፈው ለቤትና ለመሬት ሲሆን እንዴት «አለመተማመን» ተባለ? ስኳር ከሚስት ሐቅ በለጠ እንዴ?

ሁለተኛ፦ «እኛ በሸሪዓ ነው የምንዳኘው፤ ወረቀቱ የመንግሥት ነገር ነው»

ይህን የሚለው ሰው ሸሪዓውን አያውቀውም ወይም ማወቁን አይፈልግም። በሸሪዓ የባልና የሚስት ገንዘብ በኒካሕ ብቻ አይቀላቀልም። የሷ የሷ ነው፣ የሱ የሱ ነው። በሱረቱ ኒሳእ 32ኛ አንቀጽ ወንዶችም ሴቶችም ከየሥራቸው ድርሻ እንዳላቸው ተነግሯል። ታዲያ ሴትየዋ ከአባቷ የወረሰችውን በሬ ሸጣ ለሱቁ ማስጀመሪያ ከሰጠች ያ ገንዘብ ስጦታ ነበር? ብድር ነበር? ወይስ ሽርክና? ቃዲው ይህን ሲጠይቅ ምን ታቀርባለች? በሸሪዓ ዳኝነት ማስረጃ በከሳሹ ላይ፣ መሐላ በካጁ ላይ እንደሆነ መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማስረጃ የሌላት እህት ሐቋ በባሏ መሐላ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። «ሸሪዓ ይበቃናል» የሚል ሰው ከማንም በፊት መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው!

የአገራችን የቤተሰብ ሕግ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በትዳር ውስጥ በሥራና በንግድ የተገኘውን የጋራ ይለዋል። ንብረቱ በአንዱ ስም ቢመዘገብም «የግሌ ነው» የሚለው ሰው ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብን ክርክር በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የፈቀደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ጉዳይ፣ ባልተስማማች ሴት ላይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠን ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ ሽሮታል።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ! ንብረቱ በስሙ ሲሆን «ሸሪዓ! ሸሪዓ!» የሚለው ወንድም፣ ያልከፈለው መህርና የልጆች ቀለብ ሲጠየቅ «ፍርድ ቤት እንገናኝ» ይላል። እህቶቻችንም ከዚህ አልጸዱም። መህሯን በሸሪዓ ሙሉ ተቀብላ የሱን የውርስ ቤት «የጋራ ነው» ብላ የምትከራከር አለች። ዲን እንደ ሸቀጥ ዋጋው ባማረበት ገበያ አይሸጥም። ሐቁ ከመጀመሪያው በወረቀት ከሰፈረ ግን ቃዲውም ዳኛውም የሚያየው ያንኑ እውነት ነው።

ሦስተኛ፦ «ገመና ማውጣት ነው»

ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ ባለቤቷ አቡ ሱፍያን ቆጣቢ መሆኑን፣ ለሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጣት ተናገረች። ገመና አወጣሽ ተብላ ተቆጣች? አልተቆጣችም። ለሷና ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል በአግባቡ እንድትወስድ ተፈቀደላት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ ሚስትም መለየት በፈለገች ጊዜ የተጠየቀችው በመህር የተቀበለችውን የአትክልት ቦታ ትመልስ እንደሆነ ነው። የተሰጠው ነገር የታወቀ ስለነበር ክርክር አልነበረም፤ ቦታው ተመለሰ፣ ጉዳዩ አለቀ።

ገመና ማለት የመኝታ ቤት ምስጢርና የጠብ ቃል ነው። የቤት ውል፣ የግብር ደረሰኝና የእቁብ ደብተር ገመና አይደሉም። ደግሞስ እነዚህ ጠፍተው ልጆች በየሰው ደጅ ሲንከራተቱ ነው ወይስ ወረቀቱ ሲቀመጥ ነው ገመና የሚወጣው?

የዐረብ አገሯ እህታችን

ከሁሉ የከፋውን እናንሳ። ከየከተማችን ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት የሄዱ እህቶች አሉ። በሰው ቤት ሌሊቱን ሲፈትጉ አድረው ደመወዛቸውን ለባላቸው ይልካሉ። ባል ቦታ ይገዛል፣ ቤት ያቆማል፣ ሁሉም በሱ ስም። ስትመለስ ሁለተኛ ሚስት በሯን ትከፍትላታለች። «የላክሽው ለቀለብ ነበር» ትባላለች። የላከችበትን የሐዋላ ወረቀት በየወሩ ጥላዋለች፤ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ የተጻፈ አንድ መልእክት የላትም።

እህታችን ሆይ! በስደት ላይ ያለሽ ከሆነ እያንዳንዷን የሐዋላ ደረሰኝ ፎቶ አንሺ። ስትልኪ «ይህ ለቤቱ ቦታ መግዣ ነው» ብለሽ በጽሑፍ ላኪ። ይህ ባልሽን መስደብ አይደለም። ላብሽን ማክበር ነው።

አንድ የሚያሳፍረን ነገር እንጨምር። በክልላችን ገጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ ጎን ለጎን አለ። የወንበርማ ገበሬ ሚስት ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ የከተማው ነጋዴ ሚስት የቤቷ ካርታ የት እንደተቀመጠ አታውቅም። ተማርን፣ ሠለጠንን፣ ስማርት ስልክ ያዝን የምንለው እኛ ከገጠሩ ወንድማችን ወደ ኋላ ቀረን።

ወንዱም ይሰብስብ

ይህ ጽሑፍ ለሴቶች ብቻ የመሰለው ተሳስቷል። ከአባትህ የወረስከው ቤት ካለ የውርስ ወረቀቱን ያዝ። በሱቅህ ውስጥ የወንድምህ ገንዘብ ካለ አስጽፈው፤ አለበለዚያ ነገ እንደ ትዳር ንብረት ይከፈላል። ለቤቱ የተበደርከው ዕዳ ካለ አስጽፈው፤ ንብረት ሲቆጠር ዕዳም ይቆጠራል። መህሩን ስትከፍል በምስክር ክፈል። በሱረቱ ኒሳእ 20ኛ አንቀጽ ለሚስት የተሰጠ ክምር ሀብት ቢሆን እንኳ ከእሱ ምንም እንዳይወሰድ ተከልክሏል፤ የቀረ መህርም በጫንቃህ ላይ ያለ ዕዳ ነው።

ምን ይቀመጥ?

1. የኒካሕ ወረቀት፦ መህሩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን ያህሉ እንደተከፈለና እንደቀረ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ የያዘ። የጋብቻ ምዝገባውም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 የሃይማኖቱንም ጋብቻ በወሳኝ ኩነት እንዲመዘገብ ይጠይቃል።
2. የቤት ካርታ፣ የግዢ ውል፣ የመሬት ደብተር ኮፒ።
3. የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባጃጅና የመኪና ሊብሬ ኮፒ።
4. የእቁብ ደብተር፣ የዱቤ ደብተር፣ የሐዋላና የቴሌብር ደረሰኝ።
5. ከኒካሕ በፊት የነበረና በውርስ የመጣ ንብረት ማስረጃ፤ የወርቅ ደረሰኝም ጭምር።

ሐራሙን አንሸፍንም

ወረቀት መሰብሰብ ፈቀድን ማለት ሁሉ ነገር ተፈቀደ ማለት አይደለም። ባል ሲተኛ ጣቱን ስልኩ ላይ አስነክቶ ምስጢሩን መበርበር ስለላ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ከልክሎታል። ባንክ የደንበኛውን ሂሳብ ለሌላ ሰው አያሳይም፤ ክርክር ከመጣ ፍርድ ቤት ያስቀርበዋል። ለአንቺ የባንኩንና የቅርንጫፉን ስም ማወቅ ይበቃል። ፊርማ ማስመሰል ሐራም ነው። ዋናውን ወረቀት መደበቅ ሐራም ነው፤ ኮፒ አድርጊና ዋናውን በቦታው መልሺ። ወረቀቱን ማስፈራሪያ ማድረግም ዙልም ነው።

አንተም ስማ! ጠብ ሲሸትህ ቤቱን በሌሊት ለዘመድህ «የሸጥክ»፣ ባጃጁን በወንድምህ ስም ያዞርክ፣ ሂሳቡን ባዶ ያደረግክ ወንድም ሆይ! ሚስትህን «ወረቀት ሰበሰበች» ብለህ የምታማት አንተ ነህ። እሷ እውነትን ሰበሰበች፤ አንተ እውነትን ደበቅክ። ታዲያ አማናን ያጎደለ ማነው? በፌዴራሉ ሕግ ያለ ሚስት ፈቃድ የተሸጠ የጋራ ቤት ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ሽያጩ ከተፈጸመ ከ2 ዓመት ሳያልፍ ለፍርድ ቤት አመልክታ ልታስፈርሰው ትችላለች። ከዱንያው ዳኛ ብታመልጥ እንኳ ከአኺራው አታመልጥም።

ለኛ ለመስጂድ ሰዎችና ለሽማግሌዎች

አላህ በሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ ከሱም ከሷም ቤተሰብ አስታራቂ እንዲላክ አዟል። እኛ ግን ሽምግልና ስንቀመጥ ምን እናደርጋለን? «ይቅር ተባባሉ» እንላለን፤ ማር እንደተቀባ ቢላ! ሐቁ ሳይታወቅ የሚደረግ እርቅ ደካማውን ዝም ማሰኛ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሽምግልና ስንቀመጥ አስቀድመን «ያላችሁን ቆጥራችሁ አምጡ» እንበል። ኒካሕ ስናስር መህሩን በቃል ብቻ አንለፍ። «ሶብር አድርጊ» ከማለታችን በፊት ሶብሩ ለማን እንደሚጠቅም እንጠይቅ።

ብዙ ጊዜ ያየነው ደግሞ ይህን ነው፦ ሁሉ ነገር ተጽፎ በሁለቱ እጅ ያለ ቤት ለመፋታት አይቸኩልም። መደበቅ ሲቀር ጥርጣሬው ይቀንሳል። መለያየት ግድ ከሆነም፣ አላህ በሱረቱል በቀራህ 237ኛ አንቀጽ በመካከላችን ያለውን ቸርነት እንዳንረሳ እንዳስታወሰን፣ በመልካም ይለያያሉ። ልጆቹም አባታቸውን «ሌባ»፣ እናታቸውን «ከሃዲ» ብለው አያድጉም።

ያቺ እህት አሁን ጉዳይዋን ይዛ ፍኖተ ሰላም ትመላለሳለች። እኛም የጎረቤቶቿን ምስክርነት እያሰባሰብን ነው። 14 ዓመት በሚዛኑ አጠገብ ያዩዋት ሰዎች አሉ። ከ2 ዓመት በፊት በአንድ ኮፒ ሊያልቅ የነበረ ነገር ዛሬ ስንት ሰው አንከራተተ!

ወንድሜ፣ ዛሬ ከዒሻ በኋላ ሚስትህን ጥራትና ወረቀቶቹን አብራችሁ አውጡ። አንድ ኮፒ ለሷ፣ አንድ ኮፒ ለአንተ። እህቴ፣ እሱ ባይጠራሽ አንቺ በለሆሳስ ጠይቂው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ያ አላህ! ትዳራችንን በሐቅ አጽናልን። የደካማን ሐቅ ከመብላት፣ የሚበላውንም አይተን ዝም ከማለት ጠብቀን። በማናውቀው መክረን ያሳሳትናቸውን እህቶች ሐቃቸውን መልስላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።