ጎማ ሻጩን ከመውቀሳችን በፊት

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

በሰፈራችን ትንሽ መኪና የያዘ ሰው እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። ግማሹ በቪትዙ የታክሲ ሥራ ይሠራል፤ ግማሹ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበታል። ታዲያ በማኅበሩ ቢሮ በረንዳ ላይ የሚሰማው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ጎማው ስድስት ወር እንኳ አልቆየልኝም፤ የዘንድሮ ጎማ ወረቀት ነው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሻጩን ከመርገማችን በፊት እስቲ ጎማውን አገላብጠን እንየው።

ሁለቱ ጠርዞች ተበልተው መሀሉ ከተረፈ ንፋስ አንሶት ነው የኖረው። መሀሉ ተልጦ ጠርዙ ከቀረ ደግሞ ንፋስ በዝቶበታል። የውስጡ ወይም የውጪው ጠርዝ ብቻ ካለቀ፣ ወይም በእጅ ሲዳስሱት በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ፣ እግሩ አቅጣጫውን ስቷል፤ አላይመንት ይፈልጋል።

ሦስት ሚሊ ሜትር ብትጠም ምን አላት የሚል ይኖራል። ሒሳቡ ይሄው። የትንሽ መኪና ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በዚህ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ከጠመመ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ጉዞ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ ልጅ ግማሽ ኪሎ ሜትር በጎን መጎተት ማለት ነው። በአስፋልት ላይ! ታዲያ ምን ዓይነት ጎማ ነው ይህን የሚችለው?

አላይመንት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን የመሪው ዘንግ ጫፍና ቦልጆይንቱ እንዳልላላ አስፈትሹ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ይነቅነቅ፤ የላላው ይቀየር። አለዚያ ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይፈርሳል። ይህን ሳያይ በቀጥታ ማሽን ላይ የሚሰቅል ባለሙያ የሚያየው ገንዘባችሁን ነው። ደግሞ በቪትዝ ላይ በተለምዶ የሚስተካከለው የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጪ መዞራቸው ብቻ ነው። የኋላው በአንድ ብረት የተያያዘ ስለሆነ ማስተካከያ የለውም። «አራቱንም አስተካክያለሁ» ብሎ ሒሳብ የሚጨምርባችሁ ካለ ምኑን እንዳስተካከለ ጠይቁት። (ባላንስ ሌላ ነው፤ እሱ በፍጥነት ስትነዱ መሪው ሲንቀጠቀጥ ነው።)

ዋናው ነገሬ ግን እዚህ ላይ ነው። እግሩ ከየት ጠመመ? ከመግቢያችን ቱቦ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ነዋ! ሁሉም እዚያው ይወድቃል፤ ሁሉም ለየብቻው ይከፍላል። ለአንድ ገልባጭ ጠጠር እናዋጣ ሲባል ግን «መኪና የለኝም፣ ምን አገባኝ» የሚል አለ። ክረምት ሲገባ የተላጠ ጎማ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንደማይዝለት፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ ደግሞ የሁላችንም ልጆች እንደሚመላለሱ ይታሰብልኝ።

የጠጠሩን መዋጮ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ። እስከዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሻሻና እጣቢ መድፋት ይቁም፤ ውኃ ሲሞላ ጥልቀቱ ለነጂ አይታይም።

የማኅበሩ ጸሐፊ