ፕሬዝዳንቱና ጤፉ

በዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት ላይ ስለ ጤፍ ሁለት ሰዓት ተኩል የተከራከርንበት ቀን አይረሳኝም። አጀንዳው አራት ነበር፤ የአንድ ትምህርት ክፍል ሥርዓተ ትምህርት ክለሳ፣ የሁለት መምህራን የማዕረግ ዕድገት፣ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮግራም መክፈቻ፣ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ»። ጤፉ የመጣው በ«ልዩ ልዩ» በኩል ነው። ለተማሪዎች ካፌ ጤፍ የሚያቀርበው ነጋዴ ዋጋ ካልተጨመረልኝ ብሎ ማስገባት አቁሟል፤ መጋዘን ያለው ለአራት ቀን ብቻ ይበቃል። ፕሬዝዳንቱ ይህን ሲሰሙ አጀንዳውን ገለበጡትና «ልዩ ልዩ» አንደኛ ሆነ። የሦስተኛ ዲግሪው ፕሮግራም ምሳ ሰዓት ደርሶ ሰው ወንበሩን እየገፋ ሲነሳ በአሥር ደቂቃ ጸደቀ።

በፕሬዝዳንቱ አልፈርድም። አንድ ኮርስ ሴሚስተሩን ሙሉ ያለ መምህር ቢቀር የሚጮህ የለም። ምሳ አንድ ቀን ቢቀር ግን ምን እንደሚሆን በግቢ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ትሪ ይንኳኳል፣ ቀጥሎ መስታወት ይረግፋል፣ ማታ የፌዴራል ፖሊስ መኪና በር ላይ ይቆማል። ሰውየው በሙያቸው የአፈር ሳይንስ ምሁር ነበሩ። ጤፍ የሚበቅልበትን መሬት እንደ መዳፋቸው ያውቁታል፤ ጤፍ የሚሸጥበትን ገበያ ግን የተማሩት ከተሾሙ በኋላ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር የነበረው ተማሪ 33 ነው። ይህን ያህል ሰው አንድ ሙያ ያላት ሴት ብቻዋን ታበላዋለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያም ዩኒቨርሲቲ ሲባል አዲስ አበባና አለማያ ማለት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ግድም ጅማ፣ መቀሌ፣ ባሕር ዳር ተከተሉ። በዚያው አሥርት መጨረሻ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ሚዛን ቴፒ፣ ሰመራ እያለ ቀጠለ፤ አሁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ነው። በዚህ የሚያሾፉ የአዲስ አበባ ወዳጆች አሉኝ። እኔ አላሾፍም። ከቆላ በእግሯ ወጥታ፣ በአይሱዙ ተጭና መጥታ ምዝገባ ላይ የተሰለፈች ልጅ ያየ ሰው ማሾፍ አይሆንለትም። እንደ እሷ ላለችው ካፌው ራሱ ግማሹ ትምህርት ነው፤ እሱ ባይኖር አትመጣም ነበር።

ችግሩ ካፌው እያደገ ሄዶ ዩኒቨርሲቲውን መዋጡ ነው። አንድ ዓመት የምግብ ርክክብ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። በውሉ መሠረት እያንዳንዱ እንጀራ የተወሰነ ግራም መመዘን አለበት። የካፌው ሚዛን ሲበላሽ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ሚዛን ተዋስን። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋዋን የለበሰ ባለ ሦስተኛ ዲግሪ የሥራ ባልደረባዬ ትኩስ እንጀራ በላስቲክ ላይ እየዘረጋ ሲመዝን፣ እንፋሎቱ መነጽሩን ሲሸፍንበት፣ አቅራቢው ደግሞ «ዶክተር፣ ሲበርድ እኮ ይቀንሳል» እያለ ሲሟገተው አሁንም ይታየኛል። ያን ሰሞን እዚያው ቤተ ሙከራ የብልቃጥና የኬሚካል ግዥ በጨረታ ተይዞ ስለቀረ፣ ያ መምህር ፈሳሽ ጠብ እያደረገ የሚለካውን ቱቦ፣ ቢዩሬቱን፣ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥሎ ነበር የሚያስተምረው። ጠብታዋን ሳይቀር ሥሏታል። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ገለበጧት።

ግዥ ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር የሚታነቀው እዚያ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ያልተነካ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ግቢው እንደ ገና ዋዜማ ገበያ ይተራመሳል፤ ማንም ያልጠየቀው ወንበር በመኪና ይራገፋል፣ በጥቅምት የተጠየቀው መጽሐፍ ግን «ዝርዝር መግለጫው አልተሟላም» ተብሎ ይመለሳል። ወንበር ለመግዛት ማንም ይችላል። መጽሐፍ ግን መምረጥ ይፈልጋል፣ መምረጥ ደግሞ በኦዲት ያስጠይቃል።

ሁሉም ነገር በነፃ ነው የሚለው ወሬም ልክ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ከምግቡና ከመኝታው ደግሞ ሙሉውን ሲመረቅ ሊከፍል። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ ደስ ብሎን ነበር፤ በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማብላት ተአምር እንጂ አስተዳደር አይደለም። ግን 100 ብር በወር 3,000 ብር ነው፤ ዕዳው የልጁ ነው። ሽሮው ስለ ቀጠነ ልጁን የጠየቀው የለም፣ ስለ ወፈረም አይጠይቀውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2። አልጋ እየቆጠረ ያደገ ግቢ አልጋው ባዶ ሆነ። ክፍተቱ 50 በመቶውን ሳያመጡ ለማካካሻ ትምህርት በገቡ የሬሜዲያል ተማሪዎች ተሞላ። ነገር ግን ፕሮክተሩ፣ ወጥ ቤቱ፣ ዘበኛው፣ የንብረት ክፍሉ በፊት በነበረው ልክ ተቀጥረዋል፤ ከተማውም ዩኒቨርሲቲውን የሚያየው እንደ ትልቁ ቀጣሪ ነው። ፕሬዝዳንት ሲለወጥ የአገር ሽማግሌዎች ቀድመው የሚጠይቁት ስለ ምርምሩ አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆነ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ተስፋ የሰጠኝ በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበት ተማሪ በራሱ ፈተና መቀበል ጀምሯል። የኔ ፍርሃት ሌሎቹ ነፃነቱን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያስቡት ክፍያ ማስከፈል እንዳይሆን ነው። እኔ ቦርድ አባል ብሆን መጀመሪያ የማነሣው ወጥ ቤቱን ነው። ገንዘቡ በተማሪው ስም ይውጣ፣ ተማሪው የፈለገው ይብላ፣ ፕሬዝዳንቱም ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመለሱ። ብሩን ለእናቱ የሚልክ፣ ጦሙን የሚያድር ልጅ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድ ካፌ ለፈለገ ሰው ክፍት ይቆይ። ለአንድ ካፌ ደግሞ ሴኔት አያስፈልግም።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ «ነን ካፌ» የምንላቸው፣ የምግብ ገንዘባቸውን በእጃቸው ተቀብለው ውጭ የሚበሉ ልጆች ለዓመታት የኖሩበት ነው። ከግቢያችን የኋላ በር ማዶ በኮንትራት የሚያበሉ አንዲት እናት አሉ። የበሉት በደብተር ይመዘገባል፣ ደብተሩ በሲባጎ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እስክሪብቶው አብሮ ታስሯል። ባለፈው ሰሞን ምሳ ልበላ ገብቼ፣ ጤፍ ሲወደድብዎት ምን ያደርጋሉ አልኳቸው።

«ምን አደርጋለሁ መምህር» አሉ፣ ወጥ እየጨለፉ። «ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ ወይ ሃምሳ ብር ይጨምራሉ፣ ወይ ማሽላ እቀላቅላለሁ። ባለፈው ማሽላው ይሁን አሉኝ።»