«ፍቅራችን አልቋል» ከማለታችሁ በፊት

ዛሬ ብዙዎች በውስጥ መስመር የሚጠይቁትን፣ ፊት ለፊት ግን የሚያፍሩበትን ጉዳይ ላንሳ።

«ዶክተር፣ ባለቤቴን እወደዋለሁ፤ ግን እንደ ወንድሜ ሆኖብኛል።» እንዲህ የምትል ሚስት፣ «ሚስቴ አኮረፈችኝ መሰለኝ» የሚል ባል ብዙ ነው። ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው «ሌላ ሰው አለ» ወይም «ፍቅራችን አልቋል» የሚለው ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ሁለታችሁ ብቻችሁን፣ ሳይደክማችሁ የምትገናኙት መቼ ነው?»

እስቲ የራሳችንን ሰፈር እንይ። ጀሞ ወይም ለቡ እየኖረ ሥራው መሃል ከተማ የሆነ አባት ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ማታ የታክሲ ሰልፍ ጠብቆ ቤት ሲደርስ 2 ሰዓት ሆኗል። እናት ከሥራ ተመልሳ ልጅ አስጠንታ፣ እራት አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ እግሯ አይሸከማትም። ቤቱ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ትንሹ ልጅ መሃላቸው ይተኛል፤ ሳሎን እህቷ አለች። የቀረችውን ግማሽ ሰዓት ደግሞ ሁለቱም ለየስልካቸው ይሰጧታል። በዚህ ቤት የጠፋው ፍቅር ላይሆን ይችላል፤ ጊዜ፣ ጉልበትና የብቻ ቦታ ነው የጠፋው።

በትዳር መጀመሪያ ፍላጎት ሳይጠሩት ይመጣል። ከዓመታት በኋላ ግን ለብዙ ሰው ፍላጎት የሚመጣው ከቀረቤታ በኋላ ነው፤ ከጨዋታ፣ ከመተቃቀፍ፣ ከመልካም ቃል በኋላ። ይህ በሽታ አይደለም። ስለዚህ «ራሱ ይምጣ» ብሎ መጠበቅ ስህተት ነው እላለሁ። ለሁለታችሁ ብቻ የሚሆን ጊዜ ያዙ።

«በቀጠሮ ምን ይጥማል?» የሚሉ አሉ። የሁዳዴን 55 ቀን የጾመ ሰው፣ የፋሲካው ዶሮ ወጥ ቀኑ አስቀድሞ ስለታወቀ ጣዕሙ ይቀንስበታል? መጠበቁ ራሱ ያጓጓዋል እንጂ!

ከዚህ ጀምሩ፦

✅ ልጁን ቀስ በቀስ በራሱ ፍራሽ ማስተኛት አለማምዱት።
✅ ቅዳሜ ልጆቹ ከአክስታቸው ጋር ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ፣ ያን ሰዓት ለልብስ አጠባ አታውሉት።
✅ አባቶች ሆይ፣ የደከመች ሚስትን ዕቃ አጥቦ ማሳረፍ ከአበባ ይበልጣል።

ቀጠሮ ግን ግዴታ አይደለም። ያልፈለገ ሰው «ዛሬ አይሆንልኝም» ማለት ይችላል። ስድብ፣ ዱላ ወይም ማስገደድ ባለበት ቤት ደግሞ መጀመሪያ መቆም ያለበት እሱ ነው፤ ከፍርሃት ጋር ፍላጎት አያድግም።

⚠️ አንዳንዴ ምክንያቱ ጤና ነው፦

👉 ጡት በማጥባት ወቅትና ከማረጥ በኋላ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ድርቀትና ሕመም ሊኖር ይችላል። የሚያምን ነገር ማንም አይናፍቅም። ሕክምና አለው፤ ችላችሁ አትኑሩ።

👉 ስኳርና ደም ግፊት የደም ሥርን ስለሚጎዱ የብልት አለመቆም ያመጣሉ። ችግሩ አንዳንዴ የልብ ሕመም ቀዳሚ ምልክትም ነው። ባል በሀፍረት ሲሸሽ ሚስት «ጠላኝ» ትላለች። ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ክኒን ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው፤ በተለይ ናይትሬት የተባለ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግፊቱን አውርዶ ሊገድለው ይችላል።

👉 አንዳንድ የድብርትና የደም ግፊት መድኃኒቶች ፍላጎት ይቀንሳሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ሊቀየር ይችላል።

ሐኪም ፊት ይህን ማንሳት ነውር አይደለም። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት እንደሚጠየቀው ይህም ይጠየቃል።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን ሳሎን ትታችሁ ግቡና አንድ ጥያቄ ተጠያየቁ፦ «ምን ናፈቀህ? ምን ናፈቀሽ?» መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ። ፍቅር አልቋል የሚባለው ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።