የሁለት ዓመት ኮሌጅ አያሳፍርም፤ ሳይማሩ መመረቅ እንጂ

በዋሽንግተን ዙሪያ፥ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ፥ በሠርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት አንድ ጋሼ አጠገባችን ይቀመጡና «ልጄ፥ ምን ትማራለህ?» ይሉናል። «የኮምፒውተር ሳይንስና የሳይበር ደኅንነት» ስንል ፊታቸው ይፈካል። «የት?» ይላሉ። «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ስንላቸው ፊታቸው ይለወጣል፤ «አይዞህ፥ ኋላ ወደ ትልቁ ትገባለህ» ብለው እንደ ታመመ ሰው ያጽናኑናል። ከወዲያ በኩል የተቀመጠው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮሌጁንማ ተወው፤ ስድስት ወር ተምረህ ሰርተፊኬት አውጣና መቶ ሺህ ዶላር ተቀጠር» ይለናል።

እኛ ገና በሁለት ዓመት ኮሌጅ ያለንና ከዚያ ተነሥተን ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገርን ተማሪዎች ሁለቱንም ምክር አንቀበልም። የመጀመሪያው ቤቱን ይንቃል፤ ሁለተኛው ትምህርቱን ይንቃል። የሚብሰውም ሁለተኛው ነው።

ስለ መጀመሪያው ብዙ አንደክምም። በኢሊኖይ ግዛት በጆሊየት ከተማ የመጀመሪያው የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽንም በ1947 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በየአካባቢው እንዲስፋፉ አሳሰበ። ቀን ታክሲ ሲነዳ የሚውል፥ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ የሚያድር ወገናችን ደብተሩን ይዞ የሚገባው ዛሬ ወደዚህ ቤት ነው። ክፍያውም በዙሪያው ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች እጅግ ያነሰ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የግቢ ስም አይጠይቅም፤ የተሳሳተ ኮድ በየትኛውም ግቢ ቢጻፍ የተሳሳተ ነው። ስለዚህ የሚያሳፍረን ቤቱ አይደለም።

የሚያሳፍረን ሌላ ነው። በመካከላችን የሳይበር ደኅንነትን እንደ አቋራጭ መንገድ የሚያይ ወገን እየበዛ ሄዷል። «ሒሳብ አልወድም፤ ፕሮግራም መጻፍም አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ሳይበር እገባለሁ» ሲባል በጆሮአችን ሰምተናል። ለመሆኑ ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራ የማያውቅ ዘበኛ ሌባው በየት እንደሚገባ በምን ያውቃል?

ምሳሌ እናምጣ። በ1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ትል በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አንገዳገደ። ከገባባቸው በሮች አንዱ የሚመጣለትን ጽሑፍ ርዝመት ሳይለካ የሚቀበል ፕሮግራም ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ፥ በ2014፥ «ኸርትብሊድ» የተባለው ጉድለት ተገለጠ። ኦፕን ኤስኤስኤል በተባለው፥ የኢንተርኔትን ምስጢር በሚጠብቀው ሶፍትዌር ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ለሌላው «በሕይወት ካለህ ይህችን ቃል መልስልኝ፤ ርዝመቷም ይህን ያህል ነው» ይለዋል። ጠያቂው አንዲት አጭር ቃል ልኮ ርዝመቷ 64 ሺህ ፊደል ነው ብሎ ቢዋሽ፥ መላሹ ሳይለካ ከቃሏ ቀጥሎ በሜሞሪው ውስጥ ያለውን ሁሉ፥ የይለፍ ቃልም ይሁን የምስጢር ቁልፍ፥ አፍሶ ይሰጠዋል። ሜሞሪ ምን እንደ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት የተማረ ሰው ይህን በአምስት ደቂቃ ይረዳዋል፤ ነገ ስሙን ለውጦ ሲመጣም ያውቀዋል። የጉድለቱን ስም ብቻ የሸመደደ ግን ስሙ ሲለወጥ አብሮ ይጠፋበታል።

ሰርተፊኬት አያስፈልግም አንልም። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን ፈተና የመንግሥት ሥራ የያዙ ብዙ ድርጅቶች ይጠይቁታል፤ ከመካከላችንም ያለፉ አሉ። ነገር ግን ፈተናው ቢበዛ 90 ጥያቄ፥ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። ይህ የዕውቀት ምስክር እንጂ ዕውቀቱ ራሱ አይደለም። ምስክሩን ብቻ ይዞ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው ራሱንም ቀጣሪውንም ያታልላል።

ሻጮቹ የማይነግሩን ሌላም ነገር አለ። በዚህ አካባቢ ካለው የሳይበር ሥራ ብዙው የመንግሥት የምስጢር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ነው። ግሪን ካርድ የያዘው ወገናችን ይህን የሚሰማው ገንዘቡን ከከፈለና ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት ያለው ሰው ዜግነቱ እስኪደርስ በሌላ በር ይገባል፤ አንድ ወረቀት ብቻ የያዘው ግን በር ላይ ይቀራል።

በኮሌጆቹም ውስጥ አንድ ያልተነገረ መስቀለኛ መንገድ አለ። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሻገር የተዘጋጀ የሳይንስ ዲግሪ ሲሆን ካልኩለስ አለበት። ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ሥራ ለሚገባ የተዘጋጀ የተግባር ሳይንስ ዲግሪ ነው፤ ከኮርሶቹም ብዙዎቹን ዩኒቨርሲቲ ላይቆጥራቸው ይችላል። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ ክፋቱ ሳያውቁ መምረጥ ነው። ከመካከላችን አንዷ እኅታችን ሌሊት እየሠራች ቀን እየተማረች ሁለት ዓመቷን ጨረሰች። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሻገር ከኮርሶቿ ገሚሱ እንደማይቆጠር ተነገራትና ሒሳብን ከአልጀብራ ጀመረች። ያለፈው ጊዜዋንና የከፈለችውን ገንዘብ ማን ይመልስላታል? በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ሰው አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዳት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰባት ነበር።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን ሦስት ጥያቄ እናቀርባለን። አንደኛ፥ የሁለቱ ዲግሪዎች ልዩነትና የምስጢር ፈቃዱ ነገር ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ ከመመዝገቡ በፊት በግልጽ ይነገረው። ሁለተኛ፥ ፕሮግራም አጻጻፍን፥ ኔትወርክንና ኦፕሬቲንግ ሲስተምን ሳይማር ወደ ደኅንነት ኮርስ የሚገባ ተማሪ አይኑር። ሦስተኛ፥ ላቦራቶሪው ከሥራ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ እስከ ሌሊት ክፍት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ የሚዘጋ ላቦራቶሪ ለሠራተኛ ተማሪ ቢኖርም እንደሌለ ነው።

ለራሳችንም የምንለው አለን። የላቦራቶሪ መልስ ከጓደኛው የሚቀዳ፥ ወይም ማሽን አስጽፎ የኔ ነው ብሎ የሚያስረክብ ተማሪ የነገ ዘበኛ ሳይሆን የነገ ቀዳዳ ነው። በ2017 ኢኩፋክስ ከተባለው ድርጅት ወደ 147 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ምስጢር ተዘረፈ። የጉድለቱ መድኃኒት የወጣው በማርች ነበር፤ ሌቦቹ በሜይ ሲገቡ ግን መድኃኒቱ በዚያ ማሽን ላይ ገና አልተደረገም ነበር። እንዲህ ያለውን ማሽን ነገ እንድንጠብቅ የሚሰጠን ለእኛ ነው። በውስጡ የሚቀመጠውም የእናቶቻችን የባንክ ሒሳብና የሕክምና መዝገብ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገርን ሰዎች ደግሞ ዕዳ አለብን። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ረግጦ መሄድ ነውር ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ወደ ኮሌጁ ተመልሰን ካልኩለስና ፕሮግራም አጻጻፍ የከበዳቸውን ወንድሞችና እኅቶች እናስጠና። ያን ጊዜ ጋሼ «የት ትማራለህ?» ሲሉን አንገታችንን ሳንደፋ እንመልሳለን፤ ቀጥለው «ምን ታውቃለህ?» ቢሉንም የምንመልሰው ይኖረናል።