ፈቃዱን ከጦርነት፣ ስሙን ከፖሊስ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጦርነትን ስም ግን የሚያወጣው መግለጫ ሰጪ ነው!

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት በትግራይ የተጀመረውን አስታውሱ። ታንክ ወጣ፣ መድፍ ተተኮሰ፣ የጦር ጄት በረረ። ስሙ ምን ተባለ? «ህግ የማስከበር ዘመቻ»። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ፈሶ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ግን ግጭትን በዘላቂነት የማቆም ስምምነት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ፖሊስ ከሚያድነው ወንጀለኛ ጋር ውጊያ ለማቆም ይፈራረማል እንዴ?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያው ዜማ ተደገመ፦ ሰላምና ጸጥታ ማስከበር። ከላይ ድሮን፣ ከታች መድፍ፣ ነገርዬው ግን «ጸጥታ» ነው!

ይሄ ዘዴ እኛ አገር የተፈለሰፈ አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ ከ1954 እስከ 1962 አልጄሪያ ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጦር አሰልፋ ስትዋጋ ነገሩን «ክስተቶች» ነበር የምትለው። በሕግ ደረጃ «የአልጄሪያ ጦርነት» ብላ የጻፈችው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ከ37 ዓመት በኋላ!

ወገን፣ ልብ በል። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊነት ሕግ መንግሥት ለነገሩ ያወጣለትን ስም አይጠይቅም። የሚጠይቀው መሬት ላይ ያለውን እውነት ነው። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1995 በታዲች ጉዳይ መለኪያውን አስቀምጧል። ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ የውጊያው ክብደት፦ ስንት ጊዜ ተዋጉ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን መሣሪያ፣ ስንት ሰው ተፈናቀለ? ሁለተኛ፣ የታጣቂው አደረጃጀት፦ አዛዥ አለው ወይ፣ ትእዛዝ ይፈጸማል ወይ? ሁለቱ ከተሟሉ የትጥቅ ግጭት አለ። አለቀ። የማንም ፊርማ አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ በ2001 መቄዶንያ ውስጥ የሆነውም ይሄው ነው። መንግሥት ከአልባኒያ ተወላጅ ታጣቂዎች ጋር ተዋጋ። ተከሳሾቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ሽብርተኞችን የማደን የፖሊስ ሥራ ነበር ብለው ተከራከሩ። ዳኞቹ እ.ኤ.አ በ2008 አልተቀበሏቸውም፤ የትጥቅ ግጭት ነበር ብለው ወሰኑ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ነጻ ወጡ፤ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ግን 12 ዓመት ተፈረደበት።

«እየሞትን ስሙ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ያደርጋል እንጂ!

ህግ ማስከበር ከሆነ ሕጉ ጥብቅ ነው። ፖሊስ ሰው የሚገድለው ሌላ ሕይወት ለማዳን የመጨረሻ አማራጭ ሲያጣ ብቻ ነው። ተጠርጣሪ ይያዛል እንጂ መንደሩ በመድፍ አይደበደብም። ጦርነት ከሆነ ደግሞ ታጣቂውን መምታት ይፈቀዳል፣ ግን ሌላ ግዴታ ይመጣል፦ ሲቪልና ተዋጊ ይለያል፣ የቆሰለ ይታከማል፣ የተማረከ አይገደልም። መንግሥታት የሚፈልጉት ምንድነው? የመግደሉን ፈቃድ ከጦርነት ይወስዳሉ፣ ስሙን ከፖሊስ ይዋሳሉ፣ የሁለቱንም ግዴታ ይጥላሉ። ማታለሉ ያለው እዚህ ላይ ነው!

«ጦርነት ነው ካልን ለታጣቂው እውቅና ሰጠን ማለት ነው» ይሉናል። ውሸት! የ1949ኙ (እ.ኤ.አ) የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 ራሱ መልሶታል፦ የአንቀጹ ተፈጻሚ መሆን የተዋጊዎቹን ሕጋዊ አቋም አይቀይርም። መንግሥት የታጠቀበትን ሰው በአገሩ ሕግ መክሰስ ይችላል። የማይችለው እጁን የሰጠን ሰው መረሸን ነው። ኢትዮጵያ እነዚህን ስምምነቶች ያጸደቀችው በንጉሡ ዘመን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የፈረንጅ ሕግ ነው የሚለው ማምለጫ አይሠራም።

የፍትሑም ጉዳይ አለ። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 270 በሲቪሎች ላይ የሚፈጸምን የጦር ወንጀል የሚቀጣው በጦርነት፣ በትጥቅ ግጭት ወይም በወረራ ጊዜ ሲፈጸም ነው። ግጭት አልነበረም ከተባለ በዚህ አንቀጽ የሚከሰስም የለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል እንዳልሆነች ደግሞ አትርሱ። ስለ ሽግግር ፍትሕ በሚወራበት በዚህ ሰዓት ስሙን ማሳት ማለት መዝገቡን ከመከፈቱ በፊት መዝጋት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ወጣቱ፣ እኛም ቃል እንዋሳለን! መንገድ የዘጋን ሰልፈኛ፣ ድንጋይ የወረወረን ተማሪ «ጦርነት ጀመርን» እያልን የምንለጥፍ ስንት ነን? የ1977ቱ (እ.ኤ.አ) ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ሁከትና እዚህም እዚያም የሚፈጠር ግርግር የትጥቅ ግጭት አይደለም ይላል። ያ ልጅ በሕግ ፊት ሰልፈኛ ነው፤ ሊተኮስበት አይገባም። አንተ በስልክህ ተዋጊ ስትለው ለሚተኩስበት ሰው ሰበብ እያቀበልክ ነው። ስሜት ያሞቃል፣ ሰው ግን ያስገድላል።

ሌላም አለ። የጋራ አንቀጽ 3 የሚያስረው መንግሥትን ብቻ አይደለም፤ ጫካ ያለውንም ያስራል። ምርኮኛ የገደለ፣ ሲቪል ያገተ «የኛ ልጅ ነው» ተብሎ አይታለፍም። ማይካድራ፣ አክሱም፣ መራዊ። ገዳዩ ይለያያል፤ የተጣሰው ሕግ አንድ ነው። መራዊ ላይ ጥር 2016 የመንግሥት ኃይሎች ቢያንስ 45 ሲቪሎችን መግደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሲገልጽ የጮኸ አፍ፣ ነገ በ«ኛ» ሲገደልም መጮህ አለበት። አለበለዚያ የምንፈልገው ፍትሕ ሳይሆን ተራ ነው።

እና ምን እናድርግ? ከስድብ ወደ ማስረጃ! ቀኑን ጻፉ። ቦታውን ጻፉ። የትኛው መሣሪያ እንደተተኮሰ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ስንት ቤተሰብ እንደተፈናቀለ፣ የሞተው ታጥቆ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ጻፉ። የምስክሩን ስምና ፊት ግን አደባባይ አታውጡ፤ ሰው ታስበላላችሁ። ዳኛ የሚመዝነው ይሄን ነው፤ መፈክር አይመዝንም።

መግለጫ ሰጪው የፈለገውን ስም ያውጣ። እኛ የሆነውን እንጻፍ። ያነበባችሁ ሼር አድርጉት፣ ላልገባውም አስረዱት!