የቡድን ሥነ ልቦና ሕክምና በራቤል፦ ጥራትንና ተደራሽነትን የሚያስታርቅ መመዘኛ

የጤና አገልግሎት መመዘኛ ሲረቀቅ ጥራትና ተደራሽነት፣ አንዱ ሲከብድ ሌላው እንደሚቀልበት ሚዛን ይታያሉ። የቡድን ሥነ ልቦና ሕክምና የግሼ ወረዳ ከተማ በሆነችው በራቤል ይሰጥ ቢባል ይህ አስተያየት አያስኬድም። ቡድኑን የሚመራው የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ ብቻ ይሁን የሚል መመዘኛ በመንዝና ግሼ ደጋ አገልግሎቱን ከመከልከል አይለይም። በአንጻሩ ያለ አንዳች መመዘኛ የተጎዱ ሰዎችን ሰብስቦ ማናገር ቁስልን ቀስቅሶ መተው ሊሆን ይችላል።

ፍላጎቱ ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘልቆ በዞኑ ሞትን፣ መፈናቀልንና የንብረት ውድመትን አስከትሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለድባቴ ሕክምና ያወጣው የቡድን መመሪያ የሚያተኩርባቸው አራት ጉዳዮች፣ ማለትም ሐዘን፣ አለመግባባት፣ የኑሮ ለውጥና ብቸኝነት፣ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደሉም። መመሪያው ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር በግል ከሚደረግ ቅድመ ውይይት በኋላ ስምንት ሳምንታዊ የቡድን ስብሰባዎችን ያስቀምጣል፤ የአእምሮ ሐኪም ባልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎችም እንዲመራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ይህ አሠራር በገጠር አፍሪካ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱ በታተመው የደቡብ ኡጋንዳ ጥናት፣ በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ በቡድን ለ16 ሳምንታት መሩ። በመጨረሻ የከባድ ድባቴን መስፈርት የሚያሟሉት በሕክምናው ከተሳተፉት 6.5 በመቶ፣ ካልተሳተፉት 54.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ መመዘኛው ከመሪው ዲግሪ ይልቅ ሥራውን ይመዝን፦ በቂ ሥልጠና፣ በየሳምንቱ ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ግምገማ፣ የድባቴን ምልክት በአንድ መለኪያ መከታተል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መላክ።

ከሁሉ የሚከብደው ምስጢር ጥበቃ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ቡድን የማይተዋወቁ ሰዎች ሊሰበሰቡበት ይችላል። በትንሽ ከተማ ግን የቡድኑ አባላት የአንድ እድር ሰዎች፣ አማቾች፣ የክርስትና አባትና ልጅ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ናቸው። በቅጽ ላይ የሚፈረም የምስጢር ቃል ለዚህ አይበቃም። ቅድመ ውይይቱ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ዝምድናውንና ጠቡንም ይጠይቅ፤ እርስ በርስ የሚፈራሩ ሰዎች በአንድ ቡድን አይግቡ፤ አባላቱ በተቻለ መጠን ከተለያዩ ቀበሌዎች ይሁኑ።

እድርና ጽዋ ማኅበር እያሉ ሌላ ስብስብ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ ተቋማት ሐዘንተኛን ብቻውን ባለመተው ማንም የማይተካው ሥራ ይሠራሉ፤ የተጎዳን ሰው ቀድመው የሚያዩትም እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ በጉርብትናና በዝምድና የቆሙ ስለሆኑ፣ ሰው በጎረቤቱ ፊት ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር ማስተናገድ ይቸግራቸዋል። ሕክምናውን ተክተው እንዲሠሩ ከመጠበቅ ይልቅ ታማሚን ወደ ሕክምናው የሚያደርሱ በር ቢሆኑ ይሻላል።

ተደራሽነትም ከምስጢር ተነጥሎ አይታይም። ስብሰባው በገበያ ቀን ቢሆን ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ ሴት ሌላ የእግር መንገድ አይጨመርባትም፤ ወደ ከተማ ለምን ወጣሽ ብሎ የሚጠይቃትም የለም። ስምንቱ ሳምንታት ከአጨዳና ከውቂያ ወራት ጋር ካልተጋጩ ደግሞ አቋራጩ ይቀንሳል። እዚህ ላይ አመቺው ቀን ምስጢርንም ይጠብቃል፤ ጥራትና ተደራሽነት አንድ ይሆናሉ።

በድኅረ ምረቃ ምርምር ሊመለስ የሚገባው ጥያቄም ከዚህ ይመነጫል። ስንት ሰው ተመዘገበ የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለ ጥራት የሚናገረው ጥቂት ነው። ማን በስንተኛው ሳምንት ቀረ፣ የቀረው ስለዳነ ነው፣ መንገዱ ርቆት ነው ወይስ ምስጢሩ ወጥቶበት? ይህን የማይጠይቅ መመዘኛ በወረቀት ላይ የተሟላ ቢሆንም በራቤል አይሠራም።